የክርስትና ስሜን የሰጠሁበት አገር

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ በስዊድን በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ ከገባ በአራተኛው ቀን። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጄ ጣሊያን ወሰደችኝ።

ሌላ እናት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን ቲኬቱን ካየሁበት ቀን ጀምሮ የምቀርበትን ሰበብ ስፈልግ ነበር።

ያሳየችኝ ትምህርቷን ጨርሳ ነጩን የምረቃ ኮፍያ ባደረገች በሳምንቱ ነው። ብሬዴንግ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ወጥ ቤት ቆማ ስልኳን ወደ ፊቴ አቀረበች። ፎቶው ላይ የድንጋይ ቤት፣ የበለስ ዛፍና ከሥሩ የተደረደሩ ወንበሮች ነበሩ።

"ሆቴል አይደለም" አለች በስዊድንኛ። እሷ በስዊድንኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ቤታችን እንዲህ ነው። "የሰው ቤት ነው። ላይኛውን ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ፣ ቁርስም ይሰጣሉ። አያትየዋ ልጅ ሆና ስዊድን ኖራለች፣ ስዊድንኛ ትችላለች። ለአንቺ ብዬ ነው የመረጥኩት።"

"ለምን ጣሊያን?" አልኩ።

"ለምን አይሆንም? ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ስታጥቢ፣ ሌላ ሰው ስታለብሺ ነው የምትውይው። ጥቂት ቀን ደግሞ አንቺን ሰው ያስተናግድሽ።"

ሥራዬ ሄምቸንስት ነው። ብቻቸውን ወደሚኖሩ አረጋውያን ቤት እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት አቀብላለሁ። ልጄ እንዲህ አስባልኛለች። ግንባሯን ስሜ አመሰገንኳት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

የምፈራውን ነገር ከባሌና ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በፊት ከሊቢያ በጀልባ ጣሊያን ገብቻለሁ። ወደቡ ላይ ሱሪያቸው ጎን ለጎን ቀይ መስመር ያለበት ፖሊሶች አሰለፉን። ከፊቴ የቆመች ሴት ዞር ብላ "ስምሽን እንዳትሰጪ፤ ነገ የትም አገር ብትደርሺ ወደዚህ ይመልሱሻል" አለችኝ። መዋሸት ፈራሁ። ባሕሩ ላይ ሳለን ለእመቤታችን ብዙ ቃል ገብቼ ነበር። መሬት በረገጥኩበት ሰዓት ልዋሽ? ስለዚህ የክርስትና ስሜን ሰጠሁ። በሰማንያ ቀኔ ካህን ያወጣልኝ፣ ስቆርብም የምጠራበት ስም ነውና ውሸት አይደለም ብዬ። በአባቴ ስም ፋንታ የአያቴን አስከተልኩ። በዚያ ስም ፎቶ አነሱኝ። አሻራ ለነገ ተባለ። በማግስቱ ግን ከሌሎች ጋር ካሳደሩን ግቢ ወጥቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

ስዊድን ስደርስ በዓለም ስሜ፣ በአባቴም ስም ተመዘገብኩ። መርማሪዋ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ። "በሌላ አገር ተመዝግበሻል? በሌላ ስም ተጠርተሽ ታውቂያለሽ?"

"አይ" አልኩ።

የምፈራት ይቺን "አይ" ነው። በእሷ ላይ መኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ዜግነት ወሰድኩ። በቅርቡ ደግሞ በሐሰት መረጃ ዜግነት ያገኘ ሰው ይነጠቅ የሚል ክርክር በራዲዮ በሰማሁ ቁጥር ድምፁን እቀንሰዋለሁ፤ ብቀንሰው የሚቀር ይመስል።

ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። ስግደት ሰጡኝና "ለሰው የዋሸሽውን ደግሞ ለሰው ንገሪ" አሉኝ። ስግደቱን ጨረስኩ። ሁለተኛውን አላደረግኩም።

ልጄ ይህን አታውቅም። ለእሷ እኔ ውሸት የማልወድ እናት ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ፊርማዬን አስመስላ ለትምህርት ቤት ወረቀት ስለፈረመች፣ በማግስቱ እጇን ይዤ መምህሯ ፊት አቁሜ ይቅርታ አስጠይቄአታለሁ። "ውሸት ከዚህ ቤት አይገባም" እላት ነበር።

ባሌ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የእረፍት ፈቃድ ስላላገኘ አብሮን አይሄድም። ጭንቀቴን አይቶ ሳቀ።

"ያኔ ፎቶ ስትነሺ አርባ ኪሎ ነበርሽ። አሁን እንኳን ፖሊስ እኔም አላውቅሽም።"

"አትቀልድ።"

"እሺ አልቀልድም። ብትቀሪ ለምን ቀረሽ ትልሻለች። ምን ልትመልሺላት ነው?"

ስለዚህ ሄድኩ።

አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ ሮም ስንወርድ ፓስፖርቴን ገልጦ ያየ ሰው አልነበረም። እመቤቴን አመሰገንኩ። ከሮም በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ሄድን። በትንሹ ጣቢያ የቤቱ ባለቤት ቆማ ትጠብቀን ነበር። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ወፍራም፣ ሽርጧን ሳትፈታ የመጣች ሴት ናት። ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቀችኝ። ልጄን ሳመቻት፤ እኔን ደግሞ እንደ ዘመድ ሳመችኝ።

እናቷ በለሱ ሥር ወንበር ላይ ነበሩ። ሰማንያ አምስት ይሆናቸዋል። አባታቸው በስዊድን ፋብሪካ ሲሠራ እዚያ አድገው፣ በአሥር ዓመታቸው ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። ስለዚህ ስዊድንኛቸው የአሥር ዓመት ልጅ ስዊድንኛ ነው።

"ሄይ ሄይ" አሉኝ፤ የስዊድኖች ሰላምታ ነው። "ዛሬ በረዶ አለ እዚያ?"

"የለም። በጋ ነው" አልኩ።

"እኔ ስኖር ሁልጊዜ በረዶ ነበር። ጓንቴ ጠፍቶ እናቴ መታችኝ።"

ልጄ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ለአንድ አፍታ ፍርሃቴን ረሳሁት።

ያን ጊዜ የቤቱ ባለቤት መጥታ እጇን ዘረጋች። "ፓስፖርት" የሚለው ቃል በየቋንቋው አንድ ነው።

"ለምንድን ነው?" አልኳቸው አሮጊቷን።

"ለፖሊስ ነው" አሉ እንደ ቀላል ነገር። "እንግዳ ሲመጣ ልጄ ስሙን በኮምፒዩተር ለፖሊስ ትልካለች። ሁሉንም ነው። ሕግ ነው።"

ልጄ የሁለታችንንም አውጥታ ሰጠቻት። ቀምቼ መልሼ ልወስደው እጄ ተነስቶ ነበር፤ ነጠላዬን ያስተካከልኩ መሰልኩ። ሴትዮዋ ፓስፖርቶቹን ማቀዝቀዣው ላይ፣ የዳቦው ቅርጫት ሥር አስቀመጠቻቸው። ከተቀመጥኩበት ሆኜ በወጥ ቤቱ በር በኩል የአንዱ ጠርዝ ይታየኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር ጾሙ ተፈትቷል። ማዕዱ ቀረበ። አይብና እንቁላል መጣ። ልጄ ስለ ፍልሰታ አስረዳች፤ አሮጊቷ አስተረጎሙ። ሴትዮዋ ሳህኖቹን አንስታ በቦታቸው ባቄላ በዘይት፣ ቲማቲም፣ የተጠበሰ ዳቦና አንድ ሳህን በለስ ደረደረች። ሌላ ቦታ ሰው ለምን እንደምጾም ማስረዳት ይደክመኛል። እዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ተነገረ፣ በቃ።

"እኛም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አንበላም ነበር" አሉ አሮጊቷ። "ብዪ፣ ብዪ። አልጣፈጠሽም?"

"ጣፍጦኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

እውነት ይጣፍጥ ነበር። ዳቦውን ግን እየቆረስኩ ሳህኔ ዳር አስቀምጠው ነበር። እነዚህ ሰዎች ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ለችግር የሚዳርጋቸውን ነገር ደብቄ ቤታቸው ገብቼ፣ እነሱ የዳቦውን ለስላሳ ጎን እየመረጡ ያቀርቡልኛል።

እጄ ሥራ ቢይዝ ይሻለኛል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። አሮጊቷ እግራቸው ያበጠ ነው፤ እብጠቱ እንዲቀንስ እግር የሚያጠብቀው ረጅሙ ካልሲ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተሸብሽቧል። ተንበርክኬ አወለቅሁት፤ ተረከዙን አስተካክዬ ቀስ ብዬ እስከ ጉልበታቸው አወጣሁት።

"ነርስ ነሽ?" አሉኝ።

"አይደለሁም። ግን ሥራዬ ነው።"

"ልጄ ይህን ስታደርግ ትሳደባለች" አሉ። ልጃቸው ከወጥ ቤት ሆና ምን እንደተባለ ጠየቀች። አሮጊቷ አልነገሯትም፤ ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

ከዚያ ልጄ መንደሩን አይታ እንደምትመለስ ነግራኝ ወጣች። እኔ ላይኛው ክፍል ገባሁ። አልጋው ላይ ላቬንደር የሚሉት አበባ ተቀምጧል፤ ፎጣዎቹ እንደ ጋቢ ተጣጥፈዋል። ጸሎት ጀመርኩ። እየጸለይኩ ጆሮዬ ግን ታች ነበር። አሁን ኮምፒዩተሩን ከፈተች? አሁን ስሜን ጻፈች? አንዱ ቢሮ ውስጥ ያቺን የቀጨጨች ፊት የያዘ ፎቶ ከፓስፖርቴ ፎቶ ጎን የሚያስቀምጥ ማሽን ቢኖርስ? ስለ እንዲህ ዓይነት ማሽን ብዙ ሰምቻለሁ። ያነበብኩትን መዝሙር ከመጀመሪያው ጀመርኩት። አሁንም ጠፋብኝ።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ የግቢው ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። በመስኮት ወደ ታች አየሁ።

የፖሊስ መኪና ነው። ከኋላው ወንበር ላይ ልጄ ተቀምጣለች።

እኔን ፈልገው መጡ፣ መንገድ ላይ እሷን አገኙ አልኩ። እኔ በሠራሁት እሷን ያዟት። ሃያ ዓመት ስፈራ የነበረው ለራሴ ነበር፤ በዚህ መንገድ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጫማ አላደረግኩም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ወጣት ፖሊስ ከመኪናው ወርዶ ቆሟል፤ ሱሪው ላይ ቀዩ መስመር አለ። ሁለት እጄን አጋጥሜ ዘረጋሁለት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በስዊድንኛ። "ሌላውን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ወደቡ ላይ። ስዊድንም ሲጠይቁኝ አይ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ያኔ አልተወለደችም። ምንም አታውቅም። ልቀቋት።"

ፖሊሱ የተዘረጉ እጆቼን አየ። ፈገግ አለና በሁለቱም እጁ ጨበጠኝ። እያወዛወዘ አንድ ነገር አለኝ፤ በኋላ እንደነገሩኝ እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱ ነው።

ልጄ በኋላው በር ወጣች። በእጇ አይስክሬም ይዛ ነበር። እኔን ስታይ ወደ ጀርባዋ ደበቀችው።

"እማዬ፣ የቤቱ ባለቤት ልጅ ነው እኮ" አለች። "ሁልጊዜ ከሥራ ሲወጣ እዚህ ነው የሚበላው። ዳገቱ ላይ አገኘኝና ላድርስሽ አለኝ።"

ከዚያ የተናገርኩት ገባት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

"የምን ስም?" አለች። በአማርኛ ነበር የጠየቀችኝ።

ፖሊሱ አያቱን አንድ ነገር ጠየቃቸው። አሮጊቷ በጣሊያንኛ አጭር መልስ ሰጡት። ራሱን ነቀነቀ፣ ደረቱን በእጁ ነካና ሊበላ ወደ ወጥ ቤት ገባ። እኔ በባዶ እግሬ ጠጠሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

"ምን አሉት?" አልኳቸው።

"እናት ልጇን ፖሊስ መኪና ውስጥ ስታይ ልቧ ይቆማል አልኩት። እውነት አይደለም?"

"እውነት ነው።"

"እንግዲህ እውነት ነግሬዋለሁ" አሉ።

በለሱ ሥር ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ አልፈጀም። ሃያ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ሲነገር አሥር ደቂቃ አይሞላም። አይስክሬሙ እጇ ላይ ቀልጦ እየተንጠባጠበ አዳመጠችኝ።

"ውሸት ከዚህ ቤት አይገባም ትዪኝ ነበር" አለች።

"እልሽ ነበር።"

"ለአንዲት ፊርማ መምህሯ ፊት አቆምሽኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።"

"አስታውሳለሁ።"

"አንቺስ ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ሃያ ስምንት።"

"ይወስዱብናል? ዜግነቱን?" አለች።

"የእኔን ሊወስዱ ይችላሉ። የአንቺን አላውቅም።"

ይህን ስናገር ድምፄ ከሰውነቴ ውጪ ይሰማኝ ነበር። ልታለቅስ መሰለኝ። እሷ ግን እጇን በሣሩ ጠረገች።

"አይስክሬም በልቻለሁ" አለች።

"አይቻለሁ።"

ፖሊሱ በልቶ፣ እናቱን ስሞ፣ እኛን በእጁ ተሰናብቶ ሄደ። አሮጊቷ ያኔ ብቻ ለልጃቸው የሰሙትን ነገሯት። ሴትዮዋ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ሁለቱን ፓስፖርቶች አምጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ አኖረቻቸው። ቀስ ብላ ተናገረች፤ እናቷ እየተከተሉ አስተረጎሙ።

"ገና አልላክሁም ትላለች። እስከ ነገ ጊዜ አላት። ከፈራሽ አትልከውም። ጠዋት ጣቢያ ታደርሳችኋለች። አልመጣችሁም፣ አላየናችሁም ማለት ነው።"

ሴትዮዋን ካወቅኋት ግማሽ ቀን አልሞላኝም። ጉንጯን ሳምኳት። ግን ሌላ ፍርሃት መጣብኝ፦ እኔ ያልኩት "አይ" አሁን በሌላ ሰው አፍ ሊገባ ነው፤ ያውም ልጇ ፖሊስ በሆነ ሴት።

"ጠዋት እነግርሻለሁ" አልኳት።

ለባሌ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

"ሁለት ስም መያዝ ወንጀል ከሆነ" አለ በመጨረሻ፣ "የቤተ ክርስቲያናችንን ምእመን በሙሉ በአውቶቡሴ ጭኜ እስር ቤት አደርሳለሁ።"

"ወንጀሉ ስሙ አይደለም። አይ ማለቴ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ። ቀልዱ ከድምፁ ጠፋ። "የፈለግሽውን አድርጊ። እኔ አርላንዳ እጠብቅሻለሁ። በየትኛውም ስም ነይ።"

ሌሊቱን አልተኛሁም። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለም።

ከተመለስን በኋላ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በራሴ እጅ ጽፌአለሁ። መልስ እስካሁን አልመጣም። ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ገብቶ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አሁንም እደነግጣለሁ። ግን ያ የሆነው ከዚያ ጠዋት በኋላ ነው።

በዚያ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ወረድኩ። ሴትዮዋ ወጥ ቤት ውስጥ መነጽሯን አድርጋ ዳቦ ትቆርጣለች። ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተዘግቷል። አሮጊቷ ከጎኑ ተቀምጠው ቡናቸውን በወተት ይጠጣሉ። ሁለቱን ፓስፖርቶች ኮምፒዩተሩ ላይ አስቀመጥኳቸው።

"ትላከው" አልኩ።

አሮጊቷ አልተረጎሙም። "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ።

"እፈራለሁ። ግን ትላከው።"

ልጄ በሌሊት ልብሷ፣ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደወረደች አላየሁም። አጠገቤ መጥታ "ልያዝሽ?" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ እጄን ያዘች። ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ ያኔ መምህሯ ፊት እኔ እንደያዝኳት።

ሴትዮዋ በአንድ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። ስሜ ለእሷ ከባድ ነው። ፊደሎቹን አሮጊቷ አንድ በአንድ በልጅ ስዊድንኛቸው ጠሩላት፤ አንዱን ተሳስተው እኔ አረምኳቸው። ቀና ብላ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ቁልፍ ተጫነች። ምንም ድምፅ አልነበረውም። ፓስፖርቶቹን መለሰችልኝና ዳቦዋን ወደ መቁረጥ ተመለሰች።

ፖሊስ ይመጣ እንደሆነ መንገዱን ማየት አልፈለግኩም። ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ አሮጊቷ ፊት ተንበረከክሁ፤ ካልሲያቸውን ከወንበሩ ክንድ ላይ አነሳሁ። ሁለት ጊዜ ተረከዙ ተጣመመብኝ። ሁለቱንም ጊዜ እሳቸው እግራቸውን አነሱልኝ። በሦስተኛው ገባ።